ፍሬቱን ራሴ ልሞርደው ወይስ ለባለሙያ ልስጠው? ለአዲስ አበባ ጊታሪስቶችና ቤዚስቶች የንጽጽር መመሪያ

ባለፈው የካቲት አንድ ቤዝ የሚጫወት ጓደኛዬ መሣሪያውን አንግቶ አራት ኪሎ ቤቴ ድረስ መጣ። «ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ዝዝ ይላል። ነገ ማታ ሥራ አለብኝ፣ በናትህ ሞርድልኝ» አለ። ፍሬት ማለት በአንገቱ ጣውላ ላይ በአግድም የተተከለው ስስ ብረት ነው። ሞረዱን ከመሳቢያ አላወጣሁትም። ወፍራሙን ክር በአንድ እጄ አንደኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫንኩና ጎንበስ ብዬ መሃሉን አየሁት። ክሩ ሰባተኛውና ስምንተኛው ፍሬት ላይ ተኝቷል፤ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት እንኳ የለም። አንገቱ ወደ ኋላ ጎብጧል ማለት ነው። ውስጡ ያለውን ብረት ሩብ ዙር አላላንለት፣ መልሰን ቃኘነው፣ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ዝዝታው ጠፍቷል። አንድም ፍሬት አልተነካም።

ያን ቀን እሺ ብዬው ቢሆን ጤነኛ ፍሬቶችን በከንቱ እንበላቸው ነበር። ከፍሬት ላይ የተወሰደ ብረት አይመለስም። አዲስ ፍሬት ከጣውላው በላይ ያለው ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.0 እስከ 1.4 ሚሊሜትር ነው፤ ማንኛውም ሙረዳ የሚቀንሰው ከዚያች ትንሽ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ራስ መሥራትንና ማሠራትን ከማወዳደር በፊት፣ መሣሪያው በእርግጥ መሞረድ እንዳለበት ማወቅ ይቀድማል።

ምርጫው አምስት ነው፦ ሳይሞርዱ ማስተካከል፣ ከፍ ያለውን ፍሬት ብቻ መንካት፣ ሁሉንም ራስ መሥራት፣ ለባለሙያ መስጠት፣ ወይም ፍሬቱን ጨርሶ መቀየር። የኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር። ፍሬቶችን እኩል ማድረጉ ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ የሚችለው ሥራ ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ፍሬት ጉብታ፣ ማለትም ክሩ የሚያርፍበትን ክብ አናት፣ መልሶ ማውጣት ነው። ራሳችሁ መሥራት አለመሥራታችሁን የሚወስነው ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው።

መጀመሪያ መለካት

ጥፋቱ የፍሬት ይሁን የሌላ ነገር፣ ድምፁ ራሱ ይናገራል። ባዶው ክር ብቻ ዝዝ ብሎ፣ ሲጫኑት ከጠራ ፍሬቱ ንጹሕ ነው፤ ነት በሚባለው፣ በአንገቱ ጫፍ ባለው የክር መደገፊያ ላይ ክሩ የሚያልፍበት ቦይ በጣም ጠልቋል። ከላይ እስከ ታች ሁሉም ቦታ ዝዝ ካለ ክሩ ዝቅ ብሏል ወይም አንገቱ ጎብጧል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ለምሳሌ አምስተኛውን ስትጫኑ ብቻ ዝዝ የሚል ከሆነ ግን ከእሱ ቀጥሎ ያለው ስድስተኛው ከፍ ብሎ ይሆናል። ያኔ ነው የፍሬት ጉዳይ የሚሆነው።

የአንገቱን ቅስት ለመለካት መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ይበቃሉ። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጡት ዘንድ ይገኛሉ። ክሩን አንደኛውና መጨረሻው ላይ ተጭናችሁ፣ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ለኩ። ለኤሌክትሪክ ጊታር ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ጥሩ ነው፣ ለቤዝ ትንሽ ይጨምራል። ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ ለኩ። ኤሌክትሪክ ጊታር ከ1.6 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ ቤዝ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር፣ የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ቢሆን ችግር የለውም። ከዚህ በጣም ዝቅ አድርጎ «ዝዝ ይላል» ማለት መሣሪያውን መበደል ነው።

ከፍ ያለውን ፍሬት ለይቶ ለማግኘት ባለሙያዎች ሦስት ፍሬት ብቻ የሚነካ ትንሽ ቀጥ ያለ ብረት ይይዛሉ። እኔ ለረጅም ጊዜ የተጠቀምኩት ጊዜው ባለፈበት የኤቲኤም ካርድ ነው። ካርዱን በጠርዙ አቁሙትና ሦስት ተከታታይ ፍሬቶች ላይ አስቀምጡት። ሁለቱን ጫፎች በጣት ስትነኩት እንደ ሚዛን ቀጭ ቀጭ ካለ፣ የመሃሉ ፍሬት ከፍ ብሏል። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ደህና ነው። የካርዱ ርዝመት 85.6፣ ወርዱ 54 ሚሊሜትር ነው፤ ማዕዘኖቹ ግን ክብ ስለሆኑ ቀጥ ያለው ክፍል ከዚያ ያንሳል። ክሩ 648 ሚሊሜትር በሆነ ጊታር ላይ ከአንደኛው እስከ ስምንተኛው ፍሬት ድረስ በረጅሙ ጠርዝ፣ ከዚያ እስከ 16ኛው ድረስ በአጭሩ ይሠራል። ወደ ላይ ፍሬቶቹ ስለሚቀራረቡ ካርዱን ቆርጦ ማሳጠር ያስፈልጋል። ቤዝ ላይ ካርዱ መጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ጋ አይደርስም፤ 864 ሚሊሜትር ክር ባለው ቤዝ ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ፍሬት ያለው ርቀት 89 ሚሊሜትር ገደማ ነውና። ለዚያ ከብረት ማስመሪያ ቁራጭ ይዘጋጃል። ፈተናውን አንገቱን ቀጥ ካደረጋችሁ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ክር መስመር ላይ አድርጉት። አንድ ፍሬት ከወፍራሙ ክር በኩል ደህና ሆኖ ከቀጭኑ በኩል ከፍ ሊል ይችላል።

ከፍ ያለ ፍሬት ካገኛችሁ ወዲያው ሞረድ አታንሡ። በእንጨት ብትር ጫፍ ጫን አድርጋችሁ ካርዱን መልሳችሁ ሞክሩት። ቀጭ ቀጭታው ከጠፋ ፍሬቱ ከቦይው ተነሥቷል እንጂ አልረዘመም። ጥቂት ቀጭን ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጎ እስኪደርቅ በእንጨት ቁራጭና በማጥበቂያ ይዞ ማቆየት ነው መድኃኒቱ። ላላ ያለ ፍሬትን መሞረድ ነገ ሲቀመጥ ዝቅ ያለ ጉድጓድ መፍጠር ነው።

ሳይሞርዱ ማስተካከል

ከአምስቱ ምርጫዎች ርካሹና ብዙ ጊዜ የሚበቃው ይህ ነው። ትረስ ሮድ የሚባለው በአንገቱ ውስጥ ያለው ብረት ለዚህ የተሠራ ነው፤ የጊብሰን ሠራተኛ የነበረው ታዴየስ ማክሂው የሚስተካከለውን ዓይነት የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1923 እ.ኤ.አ. ነው። ሲጠብቅ አንገቱን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሲላላ ክሩ ወደ ፊት እንዲጎትተው ይለቀዋል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አትሂዱ፤ አስተካክላችሁ አሳድሩትና በማግስቱ መልሳችሁ ለኩ። አልዞርም ብሎ ከያዘ ደግሞ አታስገድዱት። ከዚያ ብሪጁ ላይ፣ ማለትም በመሣሪያው አካል ላይ ክሮቹ በሚያርፉበት መደገፊያ፣ የክሩን ከፍታ ማስተካከል ብቻ ይቀራል።

አዲስ አበባ ላይ ይህን ከፍሬት ሥራ በፊት እንድትሞክሩ የምገፋፋበት ሌላ ምክንያት አለኝ። ከክረምቱ እርጥበት ወደ በጋው ድርቀት ስንሻገር እንጨቱ ይንቀሳቀሳል። ነሐሴ ላይ የተስተካከለ አንገት ታኅሣሥ ላይ ሌላ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጣውላው ደርቆ ሲኮማተር የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል፤ ይህን ብዙ ሰው የፍሬት ብልሽት ይለዋል። የሚያስፈልገው የጫፎቹን ሹል በትንሽ ሞረድ ማለስለስ ብቻ ነው፤ የፍሬቶቹን ራስ መንካት አያሻም።

አንዱን ብቻ ወይስ ሁሉንም?

ካርዱ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬት ላይ ብቻ ቀጭ ቀጭ ካለ እነሱን ብቻ መንካት ይሻላል። ሰዎች «ከሠራሁት አይቀር ሁሉንም» ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ጤነኛ የሆኑት አሥራ ዘጠኝ ፍሬቶች ለሦስቱ ጥፋት ዕድሜያቸውን መክፈል የለባቸውም። ከፍ ያለውን ፍሬት ራስ በማርከር ቀቡት፣ በለስላሳ ሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ ሂዱበት፣ በካርድ ፈትሹ፣ እንደገና ቀቡት። ካርዱ ዝም ሲል ቁሙ።

ሁሉንም ማስተካከል የሚያስፈልገው ብልሽቱ በአንገቱ ሁሉ ሲበተን ነው። አንዱ ምልክት ዓይን ያየዋል፦ ለዓመታት በተጫወታችሁባቸው ቦታዎች ክሮቹ ፍሬቱ ላይ ቦይ ቆፍረዋል። ሦስተኛውና አምስተኛው ፍሬት በቀጭኖቹ ክሮች ሥር ሲታዩ በጥርስ የተነከሱ ይመስላሉ። አብዛኛው ፍሬት የሚሠራው ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ቅይጥ ነው፤ የብረት ክር ይበላዋል፣ የናይለን ክር ግን እምብዛም አይነካውም። ለዚህ ነው ክላሲካል ጊታር ሃያ ዓመት ተጫውቶ ፍሬቱ እንዳለ የሚቆየው።

ቦይው ጥልቅ ከሆነ የቀረውን ከፍታ በካሊፐር ለኩ። ሙረዳው ተጠናቆ ከ0.7 ሚሊሜትር በታች የሚቀር ከሆነ እኔ ሞረዱን ትቼ ወደ መቀየር እሄዳለሁ። በዝቅተኛ ፍሬት ላይ ጣት ጣውላውን እየነካ ክር መጎተት አይመችም። የትዝታ ሐረግ ላይ ክሩን ገፋ አድርጎ ድምፁን ወደ ላይ ማሳሳብ ለሚወድ ሰው ደግሞ ይህ ብዙ ያሳጣዋል።

ራስ መሥራት፦ ምን ይጠይቃል?

መጀመሪያ ቀጥ ያለ ነገር ያስፈልጋል። 22 ፍሬት ባለው ጊታር ላይ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ፍሬት 43 ሳንቲሜትር ገደማ፣ 20 ፍሬት ባለው ቤዝ ላይ 54 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ከውጭ የሚመጣው ለዚሁ የተሠራ ዘንግ ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚገዛ መሣሪያ ለብዙዎቻችን ከብዷል። እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የአልሙኒየም በርና መስኮት ከሚሠሩበት አንድ ቤት ገብቼ 60 ሳንቲሜትር የአራት ማዕዘን ቱቦላሬ ቁራጭ ጠየቅሁ። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። «ለምን ፈለግከው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እንግዲያማ ከቁርጥራጩ ክምር አይሆንህም፣ ወድቆ የተጣመመ ነው። ቆይ» ብለው ከሙሉው ዘንግ ቆረጡልኝ። ወጣቱ ሠራተኛቸው ወፍራም የመስኮት መስታወት ላይ አስቀምጦ ከኋላው የስልኩን መብራት አበራ። መሃሉ ላይ ስስ የብርሃን መስመር ታየ። አልሙኒየሙ መሃሉ ጋ ጎድጎድ ብሏል። «አየኽው? ከመስታወት በላይ ቀጥ ያለ ነገር እዚህ ቤት የለም» አለኝ። ብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጥፈን ቱቦላሬውን በላዩ ወዲያ ወዲህ አሸነው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ብርሃኑ ጠፋ። ያ ዘንግ እስካሁን አብሮኝ ነው።

ከእንጨት ቁራጭ ይህን መሥራት ይቻል እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። እንጨት ከወቅቱ ጋር ይጣመማል፤ የአንገቱን ጥመት በሌላ ጠማማ ነገር መለካት ይሆናል። ቱቦላሬው ይሻላል።

ብርጭቆ ወረቀቱ መኪና ቀለም የሚቀቡ ሰዎች የሚጠቀሙበት የውሃው ዓይነት ነው። መጀመሪያ ቁጥር 320 ወይም 400፤ ለማለስለስ 600፣ 1000፣ 1500፣ 2000። የወረቀት ፕላስተር፣ ማርከር፣ ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ሞረድ ይገኛል፤ ጥርሱ የደነዘዘ እንዳይሆን በጥፍር ጫፍ ዳሱት። ካልያዘው ተዉት።

አሁን ሥራው። ክሮቹን አውልቁ። የጊታር ስድስት ክሮች ሲወጠሩ 45 ኪሎ ያህል፣ የቤዝ አራት ክሮች ከ70 ኪሎ በላይ አንገቱን ይስባሉ፤ ሲወልቁ አንገቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ትረስ ሮዱን እያስተካከላችሁ አንገቱ ፍጹም ቀጥ እስኪል ድረስ በዘንጉ አረጋግጡ። እኔ መጀመሪያ ስሠራ ይህንን ዘልዬዋለሁ። አንገቱ ወደ ፊት ጎብጦ ሳለ ዘንጉን ጫንኩበት፤ የመሃሎቹን ሳይነካ ዳርና ዳር ያሉትን በላ። ክሩን መልሼ አንገቱን ሳቃና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍሬቶች ዝቅ ብለው ቀሩ፤ በነሱ ላይ የምይዘው ኮርድ ሁሉ ዝዝ አለ። ያንን አንገት ለማዳን ሁሉንም ፍሬት እስከነሱ ድረስ ማውረድ ነበረብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይሄው ነው።

ጣውላውን በፕላስተር ሸፍኑት፣ የክሩን ድምፅ የሚይዘውን ፒክአፑንም አትርሱ፤ ብናኝ እንዳይገባበት። የሁሉንም ፍሬት ራስ በማርከር ቀቡ። ዘንጉን በክሮቹ መስመር፣ ቀለል ባለ እጅ፣ የራሱ ክብደት እየሠራ፣ ከነቱ ወደ መጨረሻው ውሰዱት። የጣውላው ገጽ ከጎን ወደ ጎን ስለሚጎብጥ ዘንጉን በአንድ ቦታ አታቁሙት፤ ከወፍራሙ ክር መስመር እስከ ቀጭኑ በየተራ ይዞር። ቀለሙ የጠፋው ፍሬት ከፍ ያለው ነው፣ ቀለሙ የቀረው ዝቅ ያለው ነው። ሁሉም ፍሬት ላይ ትንሽ ብልጭታ ሲታይ ቁሙ። ትንሽ ልጨምር ማለት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፤ አትጨምሩ። አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፣ ብናኙ ኒኬል አለበት።

እስከዚህ ድረስ አንድ ከሰዓት ይበቃል። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ሰው የሚለየው።

ጉብታውን መመለስ

የተሞረደ ፍሬት ራሱ ጠፍጣፋ ነው። ክሩ የሚያርፈው አንድ ስስ መስመር ላይ መሆኑ ይቀርና፣ አንድ ተኩል ሁለት ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሜዳ ላይ ይሆናል። በገና ላይ በየክሩና በመቆሚያው መካከል የምትገባውን እንዝራ አስቡ። እዚያ ቆዳዋ ክሩን በሰፊው ነክታ ያንን የሚያምር የእርግብግቢት ድምፅ ሆን ብላ ታወጣለች። ጠፍጣፋ ፍሬት ሳይፈለግ ያንኑ ያደርጋል፤ ክሩ ዝዝ ይላል፣ ቅኝቱም ልክ አይመጣም፣ ምክንያቱም የክሩ ርዝመት ከፍሬቱ መሃል ሳይሆን ከዳሩ መቆጠር ይጀምራል።

የጠፍጣፋውን ሜዳ መልሳችሁ በማርከር ቀቡት። ባለ ሦስት ማዕዘኑን ሞረድ ጠርዞች አስቀድማችሁ በድንጋይ አደንዝዙ፣ ጣውላውን እንዳይቧጭሩ። ከዚያ ከግራ በኩል ትንሽ፣ ከቀኝ በኩል ትንሽ እየወሰዳችሁ ቀለሙን ከሁለቱም ዳር አጥቡት። ሰፊው ጥቁር መንገድ ይጠብባል፣ ይጠብባል፣ በመጨረሻ የፀጉር ያህል ስስ ጥቁር መስመር ብቻ ፍሬቱ አናት ላይ ይቀራል። ያቺን መስመር አትንኩ። እሷ ናት አሁን ያስተካከላችሁት ከፍታ፤ እሷን ከሞረዳችሁ ያ ፍሬት ከሌሎቹ በታች ወርዷል፣ ወደ ዘንጉ ትመለሳላችሁ። ይህን 22 ፍሬት ላይ፣ በሁለት በኩል፣ አንዴም ሳይሰለቹ መሥራት ነው ጥያቄው። መብራት ከጎን ሲመጣ መስመሩ በደንብ ስለሚታይ፣ እኔ ጠዋት መስኮት ሥር ተቀምጬ ነው የምሠራው።

ለዚህ የተሠራ፣ ፊቱ እንደ ቦይ ጎድጎድ ያለ ሞረድ አለ። ከሁሉም መሣሪያ ከውጭ ማስመጣት የሚገባው እሱ ይመስለኛል። ዘንጉን እዚህ መሥራት ይቻላል፣ ወረቀቱ እዚህ አለ፣ ያንን ሞረድ ግን በሌላ መተካት እጅን ይጠይቃል። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁና ከአንድ በላይ መሣሪያ የምትሠሩ ከሆነ አስልኩት። አንድ ጊታር አንድ ጊዜ ብቻ ለመሥራት ከሆነ ዋጋው ከባለሙያ ክፍያ ጋር ይቀራረባልና ባለሙያው ይሻላል።

መጨረሻ ላይ በ600 ጀምሮ እስከ 2000 ማለስለስ፣ በብረት ማጽጃ ማወልወል። ክር ስትጎትቱ እንደ መስታወት ማንሸራተት አለበት።

ለባለሙያ መስጠት

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰው ክፍሏ ጋር የማውቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል፤ ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ የሚገኘው ከሱቅ ይልቅ ከሙዚቀኛ አፍ ነው። ማታ ማታ የሚሠሩ ጊታሪስቶችን ጠይቁ። በተደጋጋሚ የሚጫወት ሰው መሣሪያውን ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል።

ከዓመታት በፊት አንድ ቦክስ ጊታር ሞርዱልኝ ብዬ ሰጥቼ ነበር። ሲመለስ ፍሬቶቹ ሁሉ እኩል ናቸው፣ ግን እንደ ሚስማር ራስ ጠፍጣፋ። ጣውላው ላይ የሞረድ ጭረት ከላይ እስከ ታች ተሰልፏል። ጉብታውን መመለስ የሚባለውን ሥራ ማንም አልሠራውም፤ ስጠይቅም የሰማኝ አልመሰለኝም። ገንዘቤን ከፍዬ ወጣሁና ሁለት ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ራሴ ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ስሰጥ መጀመሪያ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ከመሞረድህ በፊት አንገቱን ታቃናለህ? ከሞረድህ በኋላ ጉብታውን በምን ትመልሰዋለህ? የሠራኸውን ሌላ ጊታር ላየው እችላለሁ? ለሁለተኛው ጥያቄ «በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ» የሚል ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ። ትክክለኛ ባለሙያ ጥያቄው አያስቀይመውም፤ እንደውም ደስ ብሎት መሣሪያዎቹን ያሳያችኋል።

ክራርም ሆነ ማሲንቆ ፍሬት የላቸውም። ግሩም ክራር የሚሠራ ሰው ሁሉ የፍሬት ሥራ ያውቃል ብላችሁ አታስቡ፤ ሙያው ሌላ ነው።

መቀየር፣ እንዲሁም የቤዝ ጉዳይ

ፍሬት መቀየር፣ ማለትም የድሮውን ነቅሎ አዲስ መትከል፣ ልምድ ለሌለው ሰው ቤት ውስጥ አልመክርም። ፍሬቱ ሲነቀል የጣውላው ጠርዝ ይፈነጨራል፣ በቫርኒሽ የተሸፈነ የሜፕል ጣውላ ላይ ደግሞ ይብሳል። ይህን ለባለሙያ ስጡ። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ፍሬት እንዲገባላችሁ ከጠየቃችሁ ዕድሜው ይረዝማል፣ ግን ጠንካራ ስለሆነ የባለሙያው ጊዜም ዋጋውም ይጨምራል።

ቤዚስቶች ለራሳቸው ቢሠሩ ከጊታሪስቶች የበለጠ ዕድል አላቸው ብዬ አምናለሁ። ፍሬቶቹ ይራራቃሉ፣ ሞረዱ ለመንቀሳቀስ ቦታ ያገኛል፤ የክሩ ከፍታም ስለሚበልጥ ጥቃቅን ስህተት ይቅር ይላል። በሌላ በኩል ወፍራም የብረት ክር ፍሬቱን ቶሎ ይበላል፤ በአውራ ጣት እየመቱ የሚጫወቱ ሰዎች ቤዝ ላይ ከ15ኛው ወዲያ ያሉት ፍሬቶች ቀድመው ይጎዳሉ። የመጨረሻዎቹን አራት አምስት ፍሬቶች ከሌሎቹ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ለእነሱ ይጠቅማል፣ ክሩ ሲመታ ወርዶ እንዳይነካቸው።

እኔ ብሆን የምመርጠው

አንድ ሁለት ፍሬት ብቻ ከፍ ካለ፣ ካርድና ሞረድ ይዤ ራሴ እነካዋለሁ፣ ያውም በመጀመሪያው ሙከራ ካልሆነልኝ እተወዋለሁ። ሁሉም ፍሬት ቦይ ከወጣበትና ጊታሩ ርካሽ የቻይና መሣሪያ ከሆነ፣ ራሴ ሙሉውን እሠራዋለሁ፤ እጅ የሚፈታው በእንዲህ ዓይነቱ ነው። የሚወደድ፣ ከአባት የተወረሰ ወይም ሥራ የሚሠራበት መሣሪያ ከሆነ ግን ሦስቱን ጥያቄ የመለሰውን ባለሙያ ፈልጌ እሰጠዋለሁ፤ በሁለት ሌሎች አንገቶች ላይ ጉብታውን መልሼ ካላየሁ በቀር። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወተው ሰላም ስዩም ጊታር ላይ እንደምንሰማው ያለ፣ አንገቱ ላይ ወደ ላይ ወጥቶ የሚጠራ ዜማ መጫወት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ያለውን ክፍል ከሁሉ በፊት ይፈትሽ፤ ብዙ ሰው ታች ያሉትን ብቻ ሞክሮ ይተዋል።

የትኛውንም ብትመርጡ ሥራው ሲያልቅ አዲስ ክር ግጠሙ፣ አንገቱን ወደ ቅስቱ መልሱ፣ መሣሪያውን ለሁለት ቀን ተዉት። ከዚያ ማጉያው ሳይሰካ፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ እያንዳንዱን ክር ከአንደኛው ፍሬት እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ምቱት። ዝዝ ያለውን ፍሬት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ጓደኛዬ ያን የካቲት ወደ ቤቱ ሲሄድ እንዲህ ያለ ወረቀት ሰጥቼው ነበር፤ ባዶውን እንደያዘ ሰኞ ስልክ ደወለልኝ።